ስለ ቤት ሙዚቃ፤ አኮርዲዮንና የወሎ ቅኝት

የመንግሥት ሥራ ይዞ ቀኑን ሙሉ በወረቀትና በባለጉዳይ መካከል የሚውል ሰው፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለሐሳቡ ዕረፍት መፈለጉ አይቀርም። ዕረፍት ሲባልም ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ አይደለም፤ እጅ የዋለበትን ሥራ ትቶ ሌላ ደስ የሚያሰኝ ሥራ ሲይዝ ልብ የሚያርፍበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ካለው ሥራ አንዱ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃ ግን በሁለት ይከፈላል፤ ሌላው ሲጫወት የሚሰሙት አለ፤ በገዛ እጅ የሚጫወቱት አለ። የመጀመሪያው ጆሮን ደስ ያሰኛል። ሁለተኛው ከጆሮ አልፎ እጅን ያሠለጥናል፤ ትዕግሥትን ያስተምራል፤ ቤተ ሰብንም በአንድነት ይሰበስባል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው፣ ሙያው ሙዚቃ ያልሆነ ሰው አኮርዲዮን የተባለውን መሣሪያ በቤቱ ሆኖ እንዴት ሊማር እንደሚችል ነው። ምሳሌ አድርገን የምንወስደውም በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ በግራና የሚኖረውን ሰው ነው። ስለ ምን ግራናን መረጣችሁ የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው መምህርም ትምህርት ቤትም ፈልጎ ለማግኘት ይችላል፤ በቆቦና በግራና ሸለቆ የሚኖረው ሰው ግን ከራሱ ትጋት በቀር ብዙ ረዳት አያገኝ ይሆናል። ነገር ግን የአዲስ አበባው ሰው ከሩቅ የሚሻው ሀብት በደጁ አለለት፤ እርሱም የወሎ ዜማ ነው። ይህ ሀብት ለተማሪው ምን ያህል እንደሚጠቅመው፣ አኮርዲዮኑም በተራው ይህንኑ ሀብት ሊያቈየው ወይም ሊያበላሸው እንደሚችል ከዚህ በታች እናሳያለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን በብዙ ቤት የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ልጅ «አኮርዲዮን ልማር» ያለ እንደ ሆነ አባት «ልጄ አዝማሪ ሊሆንብኝ ነው» ብሎ ያዝናል። ሹመት ያለውም ሰው ራሱ ለመማር ቢመኝ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ምኞቱን በልቡ ያስቀራል። ይህ ሐሳብ ከጥንት የመጣ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛው፣ በአገራችን በገና የመኳንንትና የካህናት መሣሪያ ሆኖ ኖሯል፤ በዐቢይ ጾም በገናውን ታቅፎ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ባላባት ክብሩ ተቀነሰ ያለ ሰው የለም። እንግዲያስ ነውሩ በእንጨቱና በጅማቱ ላይ አይደለም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ አዝማሪውም ቢሆን ሊናቅ የሚገባው ሰው አልነበረም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠላት እያሳደደ ካስገደላቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎች ይገኙበታል። ጠላት የግጥምንና የዜማን ኀይል ፈርቶ ሰው እስከ መግደል ከደረሰ፣ እኛ ያንኑ ኀይል መናቃችን ምን ይባላል? በሙዚቃ እንጀራውን የሚበላ ባለሙያ የሙያው ክብር አለው። በቤቱ ለፍቅሩ ብቻ የሚጫወት ሰው ደግሞ ከሹመቱም ከጨዋነቱም አንዳች አይጐድልበትም። ስለዚህ አባት ሆይ፣ ልጅህ በመጥፎ ቦታ ከሚያመሽ ይልቅ በዓይንህ ፊት ተቀምጦ ጣቱን ቢያለማምድ ይሻልሃልና አትከልክለው።

እንግዲህ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ እንናገር። አኮርዲዮን በሁለት ሣጥኖች መካከል እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ነገር ያለበት፣ በትከሻ ተነግቶ በደረት ላይ የሚያዝ መሣሪያ ነው። በሣጥኖቹ ውስጥ ከቀጭን ብረት የተሠሩ ምላሶች ተሰድረዋል። ወናፉ ሲዘረጋና ሲታጠፍ ነፋሱ በምላሶቹ በኩል እያለፈ ያርገበግባቸዋል፤ ድምፁም ከዚያ ይወጣል። በነፋስ የሚርገበገብ ምላስ ለዓለም አዲስ ነገር አይደለም፤ የቻይና ሰዎች ሼንግ በሚባለው መሣሪያቸው ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል። አኮርዲዮን የሚለው ስም ግን የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829 በቪየና ከተማ ነው። በዚያ ዓመት ሲሪል ዴሚያን የተባለ፣ ትውልዱ ከአርመን ወገን የሆነ ኦርጋንና ፒያኖ ሠሪ፣ መሣሪያውን በዚህ ስም አስመዝግቦ የፈጠራ መብት ተቀበለ። ስሙ የተወሰደው «አኮርድ» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ትርጓሜው ብዙ ድምፆች ተስማምተው በአንድ ጊዜ መሰማታቸው ነው። በዴሚያን መሣሪያ ላይ አንድ ቁልፍ ሲነካ የሚሰማው አንድ ድምፅ ሳይሆን አስቀድሞ የተዘጋጀ የድምፆች ኅብረት ነበር። ይህን ቃል አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ኋላ የምንናገረው ምክር ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነውና።

ከዚያ ወዲህ ሥራው በአውሮፓ ተስፋፋ። በኢጣልያ አገር ፓኦሎ ሶፕራኒ የተባለ ሰው በ1863 በካስቴልፊዳርዶ መሥራት ጀመረ፤ ያች ትንሽ ከተማም በአኮርዲዮን ሥራ በዓለም ታወቀች። በጀርመን አገር ደግሞ በ1857 የአፍ ሙዚቃ በመሥራት የተነሣው የሆህነር ፋብሪካ፣ በ1903 አኮርዲዮን መሥራት ጀመረ። ዛሬ በብዛት የሚታየው ዓይነት በቀኝ በኩል እንደ ፒያኖ ነጭና ጥቁር ቁልፎች፣ በግራ በኩል ደግሞ ትናንሽ ክብ አዝራሮች አሉት። ሙሉ የሚባለው 41 ቁልፎችና 120 አዝራሮች ሲኖሩት፣ ለጀማሪ የሚሆነው ግን 48 ወይም 72 አዝራሮች ያሉት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዘመናዊ ሙዚቃ በኢትዮጵያ እግሩን የተከለው በመለከትና በከበሮ ነው። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ በአርመኖች ገዳም ያገኟቸው አርባ ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ «አርባ ልጆች» መባላቸውም ስለዚህ ነው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ። የአኮርዲዮንን ስም ያወጣው ዴሚያንም፣ የአርባ ልጆች መምህርም ከአርመን ወገን መሆናቸውን ስናይ፣ ሙዚቃ በስደተኛ እጅ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚሻገር እናስተውላለን። አኮርዲዮንም ከመለከቱ በኋላ ገብቶ፣ ኦርጋንና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሣሪያዎች ቦታውን እስኪወስዱበት ድረስ፣ በከተማ የሙዚቃ ጓዶች ዘንድ ብዙ ተወድዶ ኖረ።

ያለ መምህር ለሚማር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። እኚህ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልደው፣ በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በ14 ዓመታቸውም አኮርዲዮንን ራሳቸውን በራሳቸው አስተማሩ። ኋላ በዋልያስ ባንድ በኦርጋን ተጫዋችነት ስማቸው ተጠራ። በ1981 ከባንዱ ጋራ ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው በዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንን እንደ ገና አንሥተው፣ ሌሎቹን መሣሪያዎች ሁሉ ለብቻቸው እየተጫወቱ፣ የአገራቸውን የቈየ ዜማ በካሴት አስቀረፁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ታክሲ እየነዱ ሲኖሩ፣ መንገደኛ በሚጠብቁበት ጊዜ በመኪናቸው ውስጥ ሆነው ትንሽ የእጅ ኦርጋን ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት ከብዙ ጊዜ በኋላ በባሕር ዳር በአንድ አሜሪካዊ እጅ ገብቶ፣ በ2013 እንደ ገና ታትሞ በወጣ ጊዜ የዓለም ሰው ሁሉ አደነቀው፤ እርሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ጊዜ የለኝም የሚል ሹም፣ መንገደኛ እየጠበቀ ጣቱን ያለማመደውን ባለ ታክሲ ያስብ። ሁለተኛውም ከዚህ ይበልጣል፤ ያ ካሴት በዓለም ፊት የተወደደው የአውሮፓን ዘፈን በመልካም ስለ ተጫወተ አይደለም፤ የእኛን ቅኝት በዚያ መሣሪያ ስለ አሰማ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማን ዜማ ልጫወት ብሎ ይጠይቅ።

ለግራና ሰው የዚህ ጥያቄ መልስ ሩቅ አይደለም። የአገራችን ዓለማዊ ዜማ የሚቃኝባቸው አራት ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ከነዚህም ሁለቱ የወሎ አገር ስሞች ናቸው። አምባሰል የሀብሩ ጎረቤት ነው፤ ማሪቱ ለገሠ በዜማዋ ስሙን በአገሩ ሁሉ ያስጠራችው ይህንኑ ነው። ባቲም በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ከተማ ናት። እንግዲህ ሌላው ሰው በትምህርት የሚያገኘውን፣ የግራና ልጅ ከሰርግ ቤት፣ ከአውድማ፣ ከመንዙማና ከእንጉርጉሮ በጆሮው ጠጥቶት አድጓል። መጽሐፍ ገዝቶ የቪየናን ዋልስ በመቁጠር ከሚጀምር ይልቅ፣ ጆሮው ከሚያውቀው ቢነሣ ጣቱ ሲሳሳት ጆሮው ራሱ መምህር ይሆነዋል። መምህር በሌለበት አገር ይህ ታላቅ ረዳት ነው።

አሁን ወደ ቁልፎቹ እንግባ። አኮርዲዮኑን በደረቱ የያዘ ሰው በቀኝ በኩል ጥቁሮቹን ቁልፎች ይመልከት፤ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተሰድረዋል። ከሁለቱ ጥቁሮች በላይ፣ ወደ አገጭ በኩል የሚገኘው ነጭ ቁልፍ ዶ ነው። ከዚያ ወደ ታች ነጮቹን ብቻ ሲቈጥሩ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ይሆናሉ። በነዚህ ነጭ ቁልፎች ብቻ ከአራቱ ቅኝቶች ሦስቱን ማግኘት ይቻላል።

ትዝታ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ።

ባቲ፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ።

አምባሰል፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ።

አንቺ ሆዬ ግን አንድ ጥቁር ቁልፍ ይሻል፤ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ካሉ በኋላ በሶልና በላ መካከል ያለውን ጥቁር መንካት ነው። ስለዚህ ይህ ቅኝት ለኋላ ይቈይ። ባቲና ትዝታ ደግሞ ማይነር የሚባል ሌላ መልክ አላቸው። ማይነር የተባለውን ትዝታ ከላ የጀመርን እንደ ሆነ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ይሆናል። አስተዋይ አንባቢ እነዚህ አምስቱ የአምባሰል ድምፆች ራሳቸው እንደ ሆኑ ያያል። ልዩነቱ ዜማው የሚያርፍበት ቤት ነው፤ በላ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ትዝታ፣ በሚ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ አምባሰል ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው ቁልፎቹን መቍጠር ብቻ ሳይሆን ማረፊያቸውን ማወቅ ይገባዋል፤ ቤቱን ያላወቀ እንግዳ በደጅ ሲዞር እንደሚያመሽ፣ ማረፊያውን ያላወቀ ጣትም እንዲሁ ሲቅበዘበዝ ያመሻል።

ከዚህ ላይ ደግሞ የመሣሪያውን ጕድለት መደበቅ አይገባም። የመሰንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ማውጣት ይችላል፤ ክራር ደርዳሪም ጅማቱን እንደ ጆሮው ፈቃድ ያጠብቃል፤ ያላላል። የአኮርዲዮን ድምፅ ግን በፋብሪካ የተቈረጠ ስለ ሆነ ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ የመሰንቆውን ልቅሶ በሙሉ ለማምጣት አይቻልም። ይህን የሚክስለት ወናፉ ነው፤ በዝግታ ሲስቡት እንደ እንጉርጉሮ፣ በድንገት ሲመልሱት እንደ እስክስታ ትከሻ ይሆናል። ቀኝ እጅ ዜማውን ያሳያል እንጂ ነፍስ የሚዘራበት ወናፉ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን አንባቢ ልብ ይበልልን ብለን ወዳለፍነው ቃል እንመለሳለን። በግራ እጅ በኩል ካሉት ስድስት የአዝራር ረድፎች ሁለቱ አንዳንድ ድምፅ፣ አራቱ ግን የተዘጋጀ የድምፅ ኅብረት የሚሰጡ ናቸው። ጀማሪ ሰው አንዱን አዝራር በነካ ጊዜ ሦስት ድምፅ ተባብሮ ሲሰማለት ደስ ይለዋል፤ ሳያስብም በእያንዳንዱ ዜማ ላይ ይጭነዋል። ጉዳቱ የሚመጣ ከዚህ ነው። ለምሳሌ አምባሰልን በሚ ላይ አሳርፎ የሚጫወት ሰው በግራው የሚን ኅብረት ቢነካ፣ ከሁለቱ ዋና ዓይነቶች በአንዱ ሶል፣ በሌላው በሶልና በላ መካከል ያለው ጥቁር ድምፅ ይገባበታል። ሁለቱም በአምባሰል ቅኝት ውስጥ የሉም። ዜማውም እንግዳ እንደ ገባበት ቤት ይታወካል፤ የሚሰማውም ሰው ምክንያቱን ባያውቅ «አምባሰል አምባሰል አይልም» ይላል። ይህ ልማድ በልጆች ጆሮ ላይ ከቈየ ደግሞ፣ ኋላ እውነተኛውን አምባሰል ከአያታቸው አፍ በሰሙ ጊዜ የተሳሳተች እርስዋ ትመስላቸዋለች። መሣሪያ ሀብትን ያበላሻል ያልነው ይህን ነው።

መድኃኒቱም እዚያው መሣሪያው ላይ አለ። ነጠላ ድምፅ ከሚሰጡት ሁለት ረድፎች ከወናፉ ሁለተኛ ሆኖ የሚገኘው ዋናው ረድፍ ነው። በዚያ ረድፍ ላይ ጐድጐድ ያለች ወይም ምልክት ያለባት አንዲት አዝራር በጣት ትታወቃለች፤ እርስዋም ዶ ናት። ከእርስዋ ወደ አገጭ በኩል በተራ ሲነኩ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ይሰማሉ። እነዚህም ከዶ ጋራ አምስት ሲሆኑ የትዝታ አምስት ድምፆች ናቸው። በአውሮፓ ሰው ሥርዓት የተሰደሩት አዝራሮች አምስቱ ጐን ለጐን ሆነው የእኛን ትዝታ መስጠታቸው ምንኛ ያስደንቃል! ለአምባሰልም ሚንና ከእርስዋ በላይ ያለችውን ሲን ብቻ በመነካካት ዜማውን ማጀብ ይቻላል። ስለዚህ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት አራቱን የኅብረት ረድፎች እንዳሉ ይተዋቸው፤ ግራ እጁ ከበሮ የሚሠራውን ሥራ ይሥራ። ኋላ ልምድ ሲያገኝ በየትኛው ቅኝት የትኛው ኅብረት እንደሚስማማ በጆሮው እየመረጠ ይጨምራል፤ በትዝታ የዶ ሜጀርና የላ ማይነር፣ በአምባሰልም የላ ማይነርና የፋ ሜጀር ከቅኝቱ አይወጡም። በአጭር ቃል መሣሪያው ለዜማው ይገዛ እንጂ ዜማው ለመሣሪያው አይገዛ።

ስለ ትምህርቱ አኳኋን ደግሞ የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ፤ በወር አንድ ቀን አራት ሰዓት ከመድከም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መማር ይበልጣል። እጅ የሚማረው በመደጋገም ነውና።

2ኛ፤ ጀርባ ያለው ወንበር ሳይሆን በርጩማ ወይም ክንድ የሌለው ወንበር ይመረጥ። ማንገቻዎቹ ጠብቀው መሣሪያው በግራ ጭን ላይ ይረፍ። ትልቁ አኮርዲዮን ከ10 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ቆሞ መጀመር ወገብን ይጐዳል።

3ኛ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቁልፍ ብቻ ይዞ ወናፉን በዝግታ መዘርጋትና ማጠፍ ይለማመድ። ድምፁ ሳይቈረጥና ሳይንቀጠቀጥ እስኪወጣ ድረስ ወደ ዜማ አይቸኩል። ቁልፍ ሳይነኩ ወናፉን በግድ መሳብ ግን መሣሪያውን ይሰብራል፤ ነፋስ ለማስወጣት በግራ አውራ ጣት የምትነካ ለብቻዋ የሆነች አዝራር አለችለት።

4ኛ፤ ዜማውን አስቀድሞ በአፉ ያንጐራጕር። በአፍ ያልተቻለ ዜማ በጣት አይቻልም።

5ኛ፤ ከቤተ ሰቡ ወይም ከጎረቤቱ የቈየ ዜማ የሚያውቁ ሽማግሌና አሮጊት ካሉ ቀርቦ፣ እጅ ነሥቶ፣ ያሰሙት ዘንድ ይለምን። ፈቃዳቸው ሲሆንም በእጅ ስልኩ ይቅረፀው፤ ዜማውን ከማን እንደ ሰማ፣ በምን ጊዜ እንደሚዜም ጨምሮ ይጻፍ።

መሣሪያ ለሚገዛም ሰው ጥቂት ቃል እንጨምር። ያገለገለ አኮርዲዮን ሲገዙ ወናፉን የሚያስሩትን ጠፍሮች ፈትተው፣ በቀኝ በኩል ያለውን ሣጥን ይዘው፣ ምንም ሳይነኩ ግራውን ወደ ታች ማንጠልጠል ነው። ቀስ ብሎ የተከፈተ ወናፍ ደኅና ነው፤ በአንድ ጊዜ የወደቀ ግን ነፋስ ያስወጣል። ደግሞም እያንዳንዱን ቁልፍ ወናፉን በመዘርጋትም በማጠፍም መሞከር ይገባል፤ ለሁለቱ መንገድ ልዩ ልዩ ምላስ ስላለው በአንዱ የሚሰማ በሌላው ላይሰማ ይችላልና።

ጥበቃውን በሚመለከት፣ ለግራና አገር ከሁሉ የሚያሰጋው ሙቀት ነው። በብዙው አኮርዲዮን ምላሶቹ በየቦታቸው የተያያዙት የንብ ሰም ከዛፍ ሙጫ ጋራ ተቀላቅሎ በተሠራ ማጣበቂያ ነው። የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም ከቆርቆሮ ጣራ ሥር በከፍታ የተቀመጠ መሣሪያ ምላሶቹ ከቦታቸው ሊወልቁ ይችላሉ። ርጥበትም ብረቱን ያዝገዋል፤ አቧራም በምላሶቹ መካከል ገብቶ ድምፅ ያግዳል። ስለዚህ ከተጫወቱ በኋላ በሣጥኑ አድርጎ፣ ከወለል ጥቂት ከፍ ባለ ጥላ ቦታ፣ ከምድጃ ርቆ ማስቀመጥ ነው። ይህን ካደረጉለት መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ያገለግላል፤ ከሰው ክንድ በቀር ሌላ ኀይል አይሻምና።

ስለ ቤትና ስለ ጎረቤት ሥርዓትም መናገር ይገባናል። የጀማሪ ድምፅ ለራሱ ቢጣፍጥም ለሌላው ይከብዳል፤ ስለዚህ ልምምዱ ሰዓት የተወሰነለት ይሁን። በሰፈር ለቅሶ ያለ እንደ ሆነ መሣሪያው እስከ ተገቢው ጊዜ ድረስ ተዘግቶ ይቈይ። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ አጥር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ሰብ የሚኖሩበት አገር ስለ ሆነ፣ በዐቢይ ጾምም በረመዳንም ባለጾሙን ጎረቤት ማክበር ጨዋነት ነው። በዚያ ወራት ድምፅ ሳያሰሙ ጣትን በቁልፎቹ ላይ ማለማመድ፣ የቀረፁትንም ዜማ ማጥናት ይቻላል። በቤት ውስጥም አባት ብቻ እንዲጫወት ሌላው ብቻ እንዲሰማ አይሁን። እናት የምታውቀውን ዜማ ታሰማ፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድምዋ በተራዋ ትማር፤ ትንሹ ልጅ በእጁ እያጨበጨበ ምቱን ይያዝ። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ አኮርዲዮኑ የአንድ ሰው መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ የቤተ ሰቡ ሁሉ ይሆናል።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ሁሉ የአገርን ነገር ያጠፋል የሚሉ አሉ፤ ከባሕር ማዶ ካልመጣ በቀር መልካም ነገር የለም የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ወናፍና የብረት ምላስ ለማንም ወገን የሚያደሉ አይደሉም፤ የያዛቸው ሰው ጆሮ ወደ ሚመራቸው ይሄዳሉ። በግራና የሚኖር አንድ ሰው በዓመት ውስጥ ከአያቱ ወይም ከጎረቤቱ ሦስት የቈዩ ዜማዎች ተቀብሎ፣ ሳያጣምም በአኮርዲዮኑ ቢያጠናና ለልጆቹ ቢያስተምር፣ ያለ ብዙ ገንዘብና ያለ አዋጅ ታላቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ዜማ በመጽሐፍ ሣጥን ተቈልፎ የሚቈይ ሀብት አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው በሞተ ጊዜ አብሮት ይቀበራል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እኛ መሣሪያ እስክንገዛ ድረስ አይጠብቁንም። ስለዚህ አኮርዲዮኑን ለመግዛት ገና አቅም ያላገኘ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሄዶ ዜማውን መቀበል ይችላልና በዚህ ይጀምር።